ኳስ አንጫወትም

ሰው ሁሉ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር የሚዛወርበት ከተማ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እየኖርኩበት ነው። ጁባ ይባላል። ሰላሙ ከተፈረመ ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ የትናንቱን ሆኖ ያደረ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጫካ ውስጥ ኮሎኔል የነበረው ዛሬ ዳይሬክተር ነው፤ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ መዝሙር ያስጠና የነበረው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል፤ ካርቱም አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረው ደግሞ ክራቫቱን አስሮ የአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ሹም ነኝ ይላል። ነውም። ማንም ማንንም "ድሮ ምን ነበርክ?" ብሎ አያፋጥጥም። ካፋጠጠ መልሶ እንደሚፋጠጥ ያውቃላ። ስለዚህ ሁላችንም የድሮ ጓዛችንን ድንበሩ ላይ ጥለን የገባን መስለን፣ ተከባብረን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ እንኖራለን።

ከዚህ አጠቃላይ ምሕረት የተገለለ አንድ ፍጥረት ብቻ አለ። ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው።

ኮሎኔሉ ጠመንጃውን ማስቀመጡን ሁሉም ያምንለታል። ኳስ ተጫዋች ግን አቆምኩ ቢል የሚሰማው የለም። ቢያነክስ እያስመሰለ ነው። ቢወፍር ልምምድ ሲጀምር ይቀንሳል። ሽበት ቢያበቅል ልምድ ነው። ሥራ ቢቀይር ደግሞ "እስኪሻልህ ድረስ ጥሩ ነው" ብለው ትከሻውን ይመቱታል፣ አዲሱ ሥራው የሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ይመስል። ይሄ ሰውዬ ስለራሱ ነው የሚያወራው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አልተሳሳታችሁም። አፌን ሞልቼ የምናገረው በራሴ ጉልበት ስለደረሰ ነው።

ጋትሉዋክ እባላለሁ። እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ ጦርነቱን ሸሽታ ኢትዮጵያ ገባች፤ ጋምቤላ አደግሁ፤ ከዚያ ኳሱ እየገፋ አዲስ አበባ አደረሰኝና የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ሆንኩ። የፋብሪካ ቡድን ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ልጆች ያውቁታል። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ተጫዋቹ የሚቀጠረው በተጫዋችነት አይደለም፤ ፋብሪካ ተጫዋች የሚባል የሥራ መደብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በረኛው የግምጃ ቤት ጸሐፊ ይሆናል፣ ተከላካዩ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አጥቂው የሽመና ረዳት። እኔ ረዳት የጀነሬተር መካኒክ ነበርኩ። ጀነሬተሩ የት እንደተቀመጠ አላውቅም። ደመወዝ ልቀበል ስሄድ በበሩ አልፍ ይሆናል፤ ድምፁን ከሽመናው ማሽን ለይቼ ግን አላውቀውም። እሱም አያውቀኝም። ተከባብረን እንኖር ነበር።

ጉልበቴ የሄደው በባላጋራ እግር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ዝናብ የመታው ሜዳ ላይ ብቻዬን ዞርኩ። እኔ ስዞር ጉልበቴ አብሮኝ አልዞረም። የቡድኑ ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም በራጅ አየው፣ ደጋፊው በጭብጨባ ሸኘው። ሐኪሙ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር፤ "አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከዞረ በምርኩዝ ነው የምትሄደው" ብሎኝ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ገና ምን ልሁን እያለ ያስባል፤ እኔ ሆኜ ጨርሼ ነበር።

ክለቡ ክፉ አልሆነብኝም። ያው የሥራ መደብህ አለ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ አሉኝ። ሲሉኝ ግን ዓይናቸው ሌላ ይናገር ነበር፤ አፍሮ ራሱ ይሄዳል ብለው ነው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ኑዌር ሆነህ፣ ጋምቤላ አድገህ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ተሳፍረህ እልኸኛ ካልሆንክ የት ትደርሳለህ? በማግስቱ ቱታ ለብሼ ጀነሬተሩ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ሠራተኞቹ ፎቶ ልነሳ የመጣሁ መሰላቸው። ዋናው መካኒክ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፣ ያ ሁሉ ዓመት በስም ብቻ ረዳታቸው መሆኔ ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ መጥረጊያ ሰጡኝ። ጠረግሁ። ጠርጌ ስጨርስ መፍቻ አቀበልኩ። አቀብዬ ስጠግብ ዘይት ቀየርኩ። ስበላ ናፍጣ፣ ስተኛ ናፍጣ መሽተት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሞተር በራሴ እጅ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ ያስነሳሁ ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ ጎል አግብቼ አልቅሼው አላውቅም። ጎል ሲገባ ሌላ ሰው ነው የሚጮኸው። ሞተር ሲነሳ ግን ሞተሩ ራሱ ይጮሃል። ለእኔ ይሄኛው በለጠብኝ።

ሰላሙ መጣ። እናቴ ስደት በቃኝ ብላ ቀድማኝ ገባች፣ ሎሎጎ የሚባል ሠፈር ቦታ አግኝታ ግድግዳ አቆመች፤ ጣሪያውን "ጋትሉዋክ ሲመጣ" ብላ ለእኔ ተወችልኝ። እኔም መፍቻዬን፣ ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን ጠቅልዬ ተከተልኳት። ጁባን ሳያት ደስ አለኝ። እኔን የመሰለ ሰው ደስ የሚሰኝበት ከተማ ናት፤ መብራት የላትማ። እያንዳንዱ ግቢ የራሱን መብራት በራሱ ጩኸት ያመርታል። እንግዳ ሰው የጁባን ሰው ደረጃ በመኪናው ሊለየው ይሞክራል፤ እኔ በግቢው ድምፅ እለየዋለሁ። ሎሎጎ ላይ እንደ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የምትንጣጣ አንዲት ትንሽ ጀነሬተር ሠፈሩን ሁሉ ስልክ ትሞላለታለች። ሹማምንቱ የሚኖሩበት ኮሎሎ ስትደርሱ ድምፁ ይጎረምሳል። ናይል ዳር ያሉት ሆቴሎች ጋ ደግሞ እንደ ጠገበ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ያጉረመርማል።

ሥራ ያገኘሁት ከእነዚህ የናይል ዳር ሆቴሎች አንዱ ጋ ነው። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ እንዳይታያችሁ፤ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ደርድረው፣ መስኮት ቀደው፣ ማቀዝቀዣ የሰኩበት ግቢ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ሳይመን ይባላሉ። ጁባ ውስጥ አለቃም፣ አስተማሪም፣ መነጽር ያደረገም ሁሉ ኡስታዝ ነው፤ እሳቸው ሦስቱንም ናቸው። ተማሪ ሳሉ አዲስ አበባ ኖረዋል፤ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም። ስሜን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ተቀምጠው ለእኔ ሲጮኹ ድምፃቸው ይዘጋ እንደነበር ነገሩኝ፣ አቅፈው ሳሙኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ግራ እግር ነህ አይደል?"

ነኝ አልኳቸው።

"ነገ ጀምር።"

እናንተ ብትሆኑ ትጠረጥሩ ነበር። እኔ አልጠረጠርኩም። የጀነሬተር መካኒክ ፈልገው፣ ስለ ጀነሬተር አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ስለ እግሬ ጠይቀው ቀጠሩኝ፤ እኔ ደግሞ ዝናዬ ቀድሞኝ የደረሰ መሰለኝና ልቤ ቅቤ ጠጣ። ደርሶ ነበርም። የደረሰው ግን የሌላኛው ሥራዬ ዝና ነው።

ወራቱ ጥሩ ወራት ነበሩ። ሆቴሉ ሁለት ጀነሬተሮች ነበሩት፤ አንዷ አሮጊት፣ ሌላው ጎልማሳ። አሮጊቷን አስታምሜ፣ ጎልማሳውን ገርቼ፣ እያፈራረቅሁ ሳሠራቸው እንግዶቹ መብራት መኖሩን እስኪረሱት ድረስ ተመቻቸው። የመካኒክ ክብሩ ይሄው ነው፤ ሰው ሲረሳህ ሠርተሃል ማለት ነው። ክንፍ ተጫዋች ሲረሱት ይሞታል። እኔ ግን መረሳቱ ተስማምቶኝ፣ ደመወዜን ይዤ ሎሎጎ እየሄድኩ የእናቴን ቤት ከወዲህኛው ጫፍ ጀምሬ ቆርቆሮ ማልበስ ያዝኩ።

ታዲያ ዝናቡ ሲያባራ ምን እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም። የመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ ነው የሚመጣው። ሚኒስቴሩ፣ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የውኃ ቦቴ ባለንብረቱ፣ ሁሉም ቡድን አለው። ዋንጫው ራሱ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ስስ ቆርቆሮ ነው። አለቆቹ ግን ለእሱ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የላቸውም፤ የሚገናኙበት ስብሰባ ላይ ስለ መንገድና ስለ በጀት እያወሩ በልባቸው የሚያስቡት የዚያኛው መሥሪያ ቤት በረኛ ከየት እንደመጣ ነው። ዋንጫው ሲቃረብ ጁባ ውስጥ ድንገት ሾፌር ፈላጊው፣ ጥበቃ ፈላጊው፣ ኤሌክትሪሺያን ፈላጊው ይበዛል። አገር እየለማ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አዲስ አበባ ጥዬው የመጣሁት ልማድ ቀድሞኝ ጁባ ገብቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

አንድ ጠዋት ኡስታዝ አሥራ አንድ ቁጥር ማልያ አመጡልኝ። ጉልበቴን አሳየኋቸው። ሳቁ። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው። "ትሑት ነው፣ ድሮም እንዲህ ነበር" ብለው ለሠራተኛው ሁሉ አወሩልኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉልበቴ የሕዝብ ንብረት ሆነ። ወጥ ቤቷ የአጥንት መረቅ ይዛ ትመጣለች። ዘበኛው የዘንዶ ሞራ ያውቃል፣ የት እንደሚገኝ ግን አያውቅም። ልብስ አጣቢዋ በጨው ውኃ ካልዘፈዘፍኩት ትቀየመኛለች። አንዱ የውጭ አገር እንግዳ ሻንጣውን ከፍቶ ላስቲክ ያለው የጉልበት ማሰሪያ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ይቀመጥልኛል። እንቁላሉን በላሁ፣ አልዋሽም፤ ለጉልበቴ ብዬ ሳይሆን እንቁላል ስለሆነ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጀነሬተሮቹ እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ነፍስ አልነበረም።

በመጨረሻ ኡስታዝ ቢሯቸው አስጠርተው በሩን ዘጉ።

"ሩጥ አላልኩህም" አሉኝ። "ቆመህ ብቻ ዋል። ተከላካዮቹ አንተን ሲጠብቁ ሌሎቹ ያገባሉ። ስምህ ይበቃል።"

"ኡስታዝ፣ ኳስ ከመጣልኝ አልቆምም። እሮጣለሁ። ከሮጥኩ ደግሞ በምርኩዝ ነው የምመለሰው።"

እውነቴን ነበር። የፈራሁት ተከላካይ አይደለም፤ ራሴን ነው። ኳስ በግራ መስመር በኩል እየተንከባለለ ሲመጣ ቆሞ የሚያይ እግር እናቴ አልወለደችልኝም። በምርኩዝ የሚሄድ መካኒክ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሞተር ሥር ሊገባ አይችልም። እግሬ ብቻ ሳይሆን እጄም አብሮ ሊሄድ ነው። ይሄን በዚህ ቅደም ተከተል ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ጀነሬተሩንስ ማን ይይዘዋል አልኳቸው።

"መካኒክ በየጥጉ ሞልቷል" አሉኝ፣ እጃቸውን እንደ ዝንብ ማባረር አድርገው። "ማፊ ሙሽኪላ። የጠፋው ግራ እግር ነው።"

ችግር የለም ማለታቸው ነው። ለእሳቸው አልነበረም። እኔ ግን ጉልበቴ የሄደ ቀን እንኳ እንዲህ አልከፋኝም። የዚያን ቀን የሄደው እግዜር የሰጠኝ ነገር ነው። አሁን በየጥጉ ሞልቷል የተባለው ግን መጥረጊያ ይዤ፣ ተዋርጄ፣ ተስቆብኝ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ሰው ነበር።  እስከ ቅዳሜ አስብበት አሉኝ፤ ወይ ማልያውን ወይ በሩን።

ሎሎጎ ሄድኩ። እናቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች፤ ከራሷ በላይ ያለው ጣሪያ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ ነው። ነገሩን ስነግራት ወደ ሰማዩ በኩል ላለማየት ታገልኩ። ጣሪያውን ስጠብቅ ኖሬ አሁን እልህ ይዞህ ልታስቀረው ነው፣ ትንሽ ቆመህ ብትውል ምን አለበት እንድትለኝ ጠብቄ ነበር። እንደዚያ ብትል ማልያውን እንደምለብስ አውቅ ነበር። እናቴ ኢትዮጵያ ውስጥ የለመደችውን አማርኛ ትንሽ በኑዌርኛ እየፈተፈተች ነው የምታወራው፤ ሲከፋት ሁለቱም ያጥራሉ። ለውዙን አስቀምጣ ጉልበቴን በመዳፏ ያዘችው።

"ጋትዳ፣ ልጄ፣ እግርህን ሰጥተሃቸዋል። በልተውታል። እጅህን ግን የወለድኩት እኔ ነኝ። አላስበላም።"

እግሬንም የወለደችው እሷው መሆኗን ላስታውሳት አልደፈርኩም። ጣሪያውስ አልኳት፤ ዝናብ ዞሮ ይመጣል። ቆርቆሮ ካልተገኘ ሣር አለ፣ እኔም አንተም በሣር ክዳን ሥር ነው የተወለድነው ብላ ወደ ለውዟ ተመለሰች። 

ቅዳሜ ማልያውን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ቡድኑ ተሰብስቦ ሻይ በሚጠጣበት ለኡስታዝ በእጃቸው ሰጠኋቸው። አሥራ አንድ ቁጥሩ ከላይ እንዲሆን አድርጌ ነበር ያጠፍኩት፣ እንዳይሳሳቱ።

"ኡስታዝ፣ እርስዎ የቀጠሩት ሰው ሞቷል" አልኳቸው። "እኔ ወንድሙ ነኝ። መካኒክ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ወጥ ቤቷ ብቻ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኡስታዝ ማልያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ "ኻላስ" አሉ። አለቀ ማለት ነው፤ ጁባ ውስጥ ጋብቻም፣ ክርክርም፣ ሥራም በዚህች ቃል ነው የሚያልቀው። ከሰዓት በኋላ አዲሱ መካኒክ መጣ። ታባን ይባላል፤ ቀልጣፋ፣ ጨዋታ አዋቂ አጥቂ ነው። ቁልፉን ሳስረክበው ጀነሬተሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እንኳን ልናደድበት አንጀቴን በላው። የራሴን ልጅነት ከነቱታው ያየሁ መሰለኝ። ዘይት የሚለካበትን ዘንግ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ አሮጊቷ የምታስልበትን ምክንያት አሳየሁት፤ እሱ ግን ዓይኑ ሜዳ ሜዳውን ይል ነበር።

ቡሉክ ሠፈር መለዋወጫ የሚሸጡ ሐጂ ኑረዲን የሚባሉ የጅማ ሰው አሉ፤ ዘይትና ማጣሪያ የምገዛው ከእሳቸው ስለነበር እንተዋወቃለን። ነገሩን ሰምተው ኮንቴይነራቸውን ለሁለት ከፍለው አንዱን ጫፍ ሰጡኝ። ኳስ ቢወዱ ኖሮ ይሄ ወግ እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ሐጂ ግን ኳስ አይወዱም። ሬዲዮው ላይ ጨዋታ ካለ ሠራተኞቻቸው ለላንድክሩዘር የተጠየቀውን ለጀነሬተር፣ ለጀነሬተር የተጠየቀውን ለውኃ ፓምፕ እየሰጡ አክስረዋቸዋል። "ወንድሜ፣ ሃያ ሁለት ሰው አንዲት ዕቃ መካፈል አቅቶት ሲራኮት ማየት ምኑ ነው የሚያስደስተው?" ይሉኛል። ለነጋዴ በርግጥም አሳዛኝ ገበያ ነው።

ታፔላ አስጻፍኩ። ጻፊው በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ "ጀነሬተር እንጠግናለን" ብሎ አሳምሮ ከጻፈልኝ በኋላ ቦታ ተረፈኝ። ትንሽ አሰብኩና ከሥሩ በሦስቱም ቋንቋ እንዲጨምርልኝ ነገርኩት፤ "ኳስ አንጫወትም"። ሐጂ ወጥተው አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንበኛ ያባርራል አሉኝ። ያባርር አልኳቸው።

አባረረም። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚመጣው ለመሳቅ ነበር። ሞተር ብስክሌት ነጂው እያቆመ ያነባል፣ ተማሪዎች ፎቶ ያነሱታል፣ አንድ የማላውቀው ወታደር "ኢታ ኬፍ?" ብሎ ደኅንነቴን ከጠየቀኝ በኋላ ኳስ ምን እንዳደረገችኝ ለማወቅ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሥራ የለም። ሎሎጎ ስሄድ እናቴ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግራትም፤ ግማሽ ጣሪያችን ሥር ተቀምጠን እራት እንበላለን። ሆድ ብሶኝ ታፔላውን ላወርደው ያሰብኩበት ቀን ነበር። እልሄ ነው ያላስወረደኝ።

ከዚያ ዋንጫው ጋለ። ቡድኖቹ ካምፕ ገቡ። ካምፕ ገቡ ማለት ሾፌሩ አይነዳም፣ ዘበኛው አይጠብቅም፣ መካኒኩ አይጠግንም ማለት ነው፤ ሁሉም ወንዝ ዳር እየሮጡ፣ ሥጋ እየበሉ፣ በጊዜ ይተኛሉ። ጀነሬተር ደግሞ ጨዋታ አይገባውም። በመጀመሪያ ከኮሎሎ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው እያላበው መጣ፤ የጥገና ክፍል ኃላፊያቸው በረኛ ነው። ተከትሎ የባንክ ሰው መጣ፤ የእነሱ ኤሌክትሪሺያን አምበል ነው። ሰው ታፔላዬን ሲያነብ መሳቅ ተወ። እንዲያውም ቆም ብሎ፣ ሁለተኛዋን መስመር ደግሞ አንብቦ፣ እፎይ ብሎ ይገባ ጀመር። ከተማው ውስጥ በርግጠኝነት ሥራ ቦታው ላይ የሚገኝ መካኒክ እኔ ብቻ ሆንኩ።

የፍጻሜው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኡስታዝ ሳይመን ለዋንጫ ደርሰዋል። እኔ ኮንቴይነሬ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ሞተር ፈትቻለሁ። ከሜዳው በኩል ጩኸት ይመጣል። ውሸት አልነግራችሁም፤ ጩኸቱ በመጣ ቁጥር እጄ ቀጥ ይላል። ግራ እግሬ ብቻዋን፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ መሬቱን ትጫራለች። ትጫር፣ እሷን አልከለከልኳትም። መፍቻውን የያዘው እጄ ነው። ጩኸቱ ሲበርድ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አመሻሽ ላይ የሆቴሉ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ኡስታዝ የቡድኑን ቱታ ለብሰው ወረዱ። በተከፈተው በር ዋንጫው ታየኝ፤ ጋቢና ተቀምጦ፣ ቀበቶ ታስሮለታል። ታባን ሁለቱንም ጎሎች አግብቶ ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞት እየዞረ ነበር። አሮጊቷ ጀነሬተር ዋዜማውን፣ ጎልማሳው ደግሞ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መቆማቸውን የሰማሁት ከኡስታዝ ሾፌር ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ዓሣ መሽተት ጀምሯል፤ ለድሉ ግብዣ የተገዛው ሥጋም አብሮት ነው፤ እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ጎረቤቱ ሆቴል እየፈለሱ ነው።

"ጋትሉዋክ፣ ተነሳ እንሂድ" አሉኝ።

"መካኒክ በየጥጉ ሞልቷል ብለውኝ አልነበር?"

ወደ መሬት አዩ። "ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው" አሉ።

ሐጂ ሙስባሃቸውን መቁጠር አቆሙ። በበር የሚያልፈው ሰው ቆመ። ልሄድላቸው እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር፤ የታመመ ሞተር ትቼ መተኛት አልችልም። በነፃ ግን አልሄድም፤ ስለ ገንዘቡ አይደለም የማወራው።

"ሲቀጥሩኝ ያልጠየቁኝን ነገር ይጠይቁኝና እሄዳለሁ" አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ታፔላውን አዩ፣ እጄን አዩ፤ እጄ እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። ከዚያ ገባቸው። ኡስታዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

"ጀነሬተር ታውቃለህ?" አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አውቃለሁ" አልኩ።

 ዓይኔን በናፍጣው ጨርቅ ጠረግሁት፤ ናፍጣ ገባበት ለማለት እንዲመቸኝ። ስንት ዘመን የጠበቅኋት ጥያቄ እኮ ናት። መሣሪያዬን ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩ፣ የዋንጫውን ቀበቶ ፈታሁ፣ አንስቼ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና እኔ ጋቢና ገባሁ።

ጀነሬተሮቹ የሚመለከታቸው ሰው አጡ እንጂ የሚገድል ሕመም አልነበረባቸውም። ማጣሪያው በጭቃ ተደፍኗል፣ ናፍጣው ውስጥ ውኃ ገብቷል፣ ዘይቱን ማንም አላየውም። ጎልማሳው ቶሎ ተነሳ፤ አሮጊቷ ትንሽ ካኮረፈች በኋላ ተከተለችው። መብራቱ ሲበራ ወጥ ቤቷ እልል አለች፤ ለዋንጫው ይሁን ለእኔ አልጠየቅኳትም። ኡስታዝ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ጠየቁኝ። አይሆንም አልኳቸው፤ ከፈለጉ በኮንትራት ከቡሉክ እየመጣሁ አያለሁ። ተስማሙ። የእናቴ ጣሪያ ዝናቡ ሳይመለስ ሞላ፤ አሁን ሌሊት ሲዘንብ ቆርቆሮው ሲጮህ አላስተኛ አለኝ ብላ ታማርራለች።

ይሄን ሁሉ ስትሰሙ ሰውየው ተማሩ ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የዚያን ምሽት በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

"ጋትሉዋክ፣ መጫወቱን እንተወው" አሉኝ። "ቆመህ ነው የሚሠራው። ሩጫ የለበትም። ብታሠለጥንልንስ?"

 በማግስቱ የታፔላውን ጻፊ ጠርቼ ከግርጌው በሦስቱም ቋንቋ አንዲት መስመር አስጨመርኩ። "አናሠለጥንም።"

ጻፊው ከሥሯ ትንሽ ባዶ ቦታ ትቶልኛል። የጁባን አለቆች ከእኔ ይበልጥ ያውቃቸዋል።